ሦስተኛዋ ሰረዝ ስታነክስ

ወረታ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአድማሴ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ስኳርህስ እንዴት ይዞሃል? እኔ፣ አሪፋና ልጆቹ ደኅና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። መልስ ያዘገየሁት ረስቼህ አይደለም። ሾፌሩ ያየህ መኪናውን ሲያስጠግን ከርሞ ሽንኩርት ሊጭን የመጣው ገና ትናንት ነው። በስልክ ልንገርህ ብል ኔትወርኩ አንድ ቀን ብቅ ብሎ ሦስት ቀን ይጠፋል። ቢሠራም ይህ በስልክ የሚወራ ነገር አይደለም፤ ሁለታችንም የመገናኛ ወታደር ስለነበርን ስልክን ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

ስለ እህትህ ለጠየቅኸኝ፦ ርብ ዘንድሮም ሞልቶ ሜዳውን አጥለቅልቆት ነበር፣ የይታይሽ ማሳ ግን ተርፏል። ሩዙ አሽቷል። ከብቶቹንም ከውሃው ሸሽታ ወደ ላይ አውጥታቸው ነበር፣ ተመልሰዋል። ጉልበቷ እንደሚያማት ነው። እሷ ራሷ ግን ሰው አይደለችም። ታደለ ጦሩ ውስጥ ገብቶ ድምፁ ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ልጇ አይደል? ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ትዞራለች፤ ሰርግ አትሄድ፣ ማኅበር አትጠጣ። ጎረቤቶቿ "ሞተ ሳትባይ ምነው?" ሲሏት "አለ ሳልባልስ ምን ልልበስ?" አለቻቸው አሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከአስር ሰላት በኋላ ደንበኛ ሲቀዘቅዝልኝ የሚጠገነውን ራዲዮ ወደ ጎን አድርጌ ያችን አሮጌ መቀበያ እንደምከፍት፣ በራዲዮ ለመዝናናት የሚገናኙትን የአማተሮቹን ዝቅተኛ ባንድ መቃኘት እንደምወድ ታውቃለህ። አሪፋ "ከማን ጋር ነው የምታወራው?" እያለች ትስቅብኛለች። ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ሰባት ሜጋኸርዝ አካባቢ አንድ እንግዳ ጣቢያ ይመጣል። ስሙን አይጠራም። እንደ አማተሮቹ ሰላምታ የለው፣ ስንብት የለው። አምስት አምስት ቁጥር እየከፈለ አሥር ደቂቃ ያህል ይልክና ዝም ይላል። የጦር አላላክ መሆኑን ለአንተ አላስተምርህም። የማን ጦር እንደሆነ፣ ከየት እንደሚልክ ግን አላውቅም። የዛሬ ጊዜ ወታደር የሚልከው ሁሉ በማሽን ነው፣ ውሃ በቱቦ ሲንቆረቆር ይመስላል። ይኼኛው በሰው እጅ በነጥብና በሰረዝ የሚመታ ሞርስ ነው።

አድማሴ፣ እጁን አውቀዋለሁ።

ዜሮ አምስት ሰረዝ ነው አይደል? ይህ ሰው ሦስተኛዋን ሰረዝ ያስነክሳታል፤ ጎተት ያደርጋትና ከዚያ ይቸኩላል። እንዲህ የሚመታ እኔ ብቻ ነበርኩ። በ81 ዓ.ም. ከጭነት መኪና ወድቄ አንጓዬ ከተሰበረ ወዲህ ማለቴ ነው። ሻምበል ደስታው "አንካሳው መጣ" እያለ ሲስቅብኝ ትዝ ይልሃል? ታደለ በልጅነቱ እዚህ ሱቄ ተቀምጦ ሞርስ ሲማር ስብራቴን ሕግ መስሎት እንዳለ ቀዳው። "ኧረ ይሄ የእኔ ሕመም ነው፣ አንተ ቀጥ አድርገህ ምታ!" ብለው እጁ አንዴ ለምዷል፣ አልመለስ አለ። እንግዲህ እንደዚያ የምንመታ ሁለት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እያዳመጥኩ ነው።

የሚለውን አልፈታሁም፣ ልፍታም አልልም። በማያገባኝ ገብቼ በስተርጅና አልታሰርም። የማዳምጠው እጁን ብቻ ነው። አንተ ከእኔ የተሻለ አንቴና አለህ፣ ጆሮህም ከድሮ ጀምሮ ከእኔ ይበልጣል። አዳምጥና ቁርጡን ጻፍልኝ። ከእናቱ ይልቅ ለአንተ ቅርብ ነውና ወሬውን ሰምተህ ከሆነም እንደዚያው። ለይታይሽ እስካሁን ምንም አልነገርኳትም፤ እስከ መቼ አፌን እንደምይዝ ግን እንጃ።

ወንድምህ አብዱልሃኪም


ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብዱልሃኪም፣

እንደምን ሰነበትክ? አሪፋና ልጆቹ ሰላም ይሁኑልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ስኳሩ እግሬ ላይ ወርዶ ትንሽ ቁስል አውጥቶብኛል፣ ያሳስባል የሚባል አይደለም። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ።

እንዳልከኝ አዳመጥኩ። ሦስት ቀን ሰማሁት። የሌላ አገር ጦር ነው፤ ባሕር ማዶ ያለ ይመስለኛል። የእኛ ሰዎች ቁጥሩን እንደዚያ አይከፍሉም። ዜሮው ላይ ያነክሳል ያልከው የሞገዱ መዋዠቅ ነው፤ ድምፁ ደከም ሲል ሰረዙ የተጎተተ ይመስላል። ይህን አንተም ታውቀዋለህ፣ ልጁን ስለምትወደው ረሳኸው እንጂ።

ለይታይሽ እንዳትነግራት። በልጆችህ ይዤሃለሁ። ደግሞም ይህን ማዳመጥ ብትተወው መልካም ነው፣ ዘመኑን ታየዋለህ። ስለ ታደለ ወሬ እንዳለኝ ጠይቀሃል። ወሬ የለኝም።

አድማሴ


ወረታ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአድማሴ፣

እንደምን አለህ? እግርህን ለሐኪም አሳየው፤ "ትንሽ ቁስል" ስትል አላምንህም። ዘንድሮ ሌላም የማላምንህ ነገር በዝቷል።

የሞገድ መዋዠቅ ነው አልክ? እንዴ! አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው ሞገድ ሳዳምጥ። ሞገድ ሲዋዥቅ የመጣለትን ያነሳል፣ የመጣለትን ይጥላል። ዜሮን እየለየ፣ ከዜሮም ሦስተኛዋን ሰረዝ እየለየ፣ በየቀኑ የሚያስነክስ መዋዠቅ የት አገር ነው ያየኸው? በዚያ ላይ ደብዳቤህን ብርሃን ላይ ያዝኩት። "ወሬ የለኝም" ካልከው በታች ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ያጠቆርከው መስመር አለ። ምን ጽፈህ ነው የሰረዝከው?

በልጆችህ ብለህ ያስያዝከኝን ግን አልጠበቅሁም። አዝናለሁ፣ ይቅርታህን እለምናለሁ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ይታይሽ ሁሉን ካወቀች በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢደርሰኝም ዝም እል ነበር ብዬ አልምልልህም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በገበያ ቀን ባትሪዋን ልታሠራ መጣች። ጣቢያው እየላከ ነበር። "ምንድን ነው ይሄ ጆሮህ ላይ እንደ ጫጩት የሚጮኸው?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። ፊቴን አየችው። "አያ አብዱልሃኪም፣ ምንም ከሆነ ምነው ዓይንህ እንባ ሞላ?" አለች። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውጥቼ ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። "ይሄ የታደለ እጅ ነው" አልኳት።

እስኪያበቃ ድረስ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ይዛ ሰማች። ከዚያ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? "ቸኮል ቸኮል ይላል፣ በልቶ ይሆን?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው እልልታዋን ያቀለጠችው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሱቄን ሞላው፣ እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስለ እሷ እንዴት ናት ላልከኝ አሁን መልሱ ይኸው። ነጠላዋን አቅንታለች። ሩዙን ራሷ ከአጫጆቹ ጋር ገብታ አጨደች። ታጭዶ እንዳለቀ ዋንዛዬ ወርዳ ሳምንት ፍል ውሃ ገባች፤ "ሲመጣ ቁጭ ብዬ አይደለም፣ ቆሜ ነው የምቀበለው" አለች። ማናዬንም ሄዳ አነጋገረችው። የማናዬ ልጅ ሉሊት ለታደለ ታጭታ እንደነበር ታውቃለህ። ልጁ ሲጠፋ ከሐሙሲት አንድ አስተማሪ ሽማግሌ ልኮ ነበር፣ በጥር ቀለበት ሊያስር። ይታይሽ "ልጄ በሕይወት አለ፣ አብዱልሃኪም ሰምቶታል" ብላ አስቆመችው። ማናዬም በእኔ ስም አምኖ ሽማግሌዎቹን መለሳቸው። ሉሊት ሰሞኑን በሱቄ በር ባለፈች ቁጥር ፈገግ ትልልኛለች።

እንግዲህ አንተ የባሕር ማዶ በል።

አብዱልሃኪም


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአብዱልሃኪም፣

ደብዳቤህን አነበብኩት። የይታይሽን እልልታ የጻፍክበት ቦታ ስደርስ አቆምኩ፣ ማታውን ጨረስኩት። ምነው ባልነገርካት ኖሮ።

አልተቆጣሁህም። የምቆጣህ እኔ ማን ነኝና? ግን አንድ ነገር እለምንሃለሁ፣ ምክንያቱን ሳትጠይቀኝ አድርግልኝ። ማናዬ ዘንድ ሂድና "ተሳስቻለሁ፣ የሰማሁት ሌላ ነው" በለው። የሐሙሲቱ ሰው እንዳያመልጣት። ሰው "አብዱልሃኪም ጃጀ" ቢልህም ቻለው። የልጅቱ ዕድሜ በከንቱ ማለፍ የለበትም።

ስለ ጠቆረው መስመር አትጠይቀኝ። እግሬን ሐኪም አየው፣ መድኃኒት ሰጥቶኛል።

አድማሴ


ወረታ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

አድማሴ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ትናንት የልደት በዓል ነበር፣ ይታይሽ የበዓሉን ዳቦ ለእኔና ለአሪፋ ይዛ መጥታ "ታደለስ በዓልን የት ዋለ ይሆን?" እያለች ስትጫወት ዋለች። እኔ የአንተ ደብዳቤ በኪሴ ውስጥ እያለ ነው ይህን የምሰማው።

ማናዬ ዘንድ አልሄድኩም። ያልሰማሁትን ሰማሁ አላልኩም፣ የሰማሁትንም አልሰማሁም አልልም። አንተ "ምክንያቱን አትጠይቀኝ" የምትል ሰው አልነበርክም። አብረን በአንድ ጉድጓድ ውስጥ መሣሪያ ታቅፈን ስናድር ያልነገርከኝ የለም፤ ሚስትህን የት እንዳየሃት እንኳ መጀመሪያ የነገርከው ለእኔ ነው። አሁን ምን መጣብህ? ታደለን ድሬዳዋ ወስደህ ጦሩ ውስጥ ያስቀጠርከው አንተ ነህ። ሲመዘገብ የቅርብ ዘመድ ብሎ ያስጻፈው የአንተን ስም ነው። የሚመጣ ነገር ቢኖር ወደ አንተ ነው የሚመጣው።

አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ። ልጁ አለ ወይስ የለም?

አብዱልሃኪም


ድሬዳዋ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ አብዱልሃኪም፣

የለም።

መርዶ በወረቀት አይጻፍም፤ እንኳን እናት፣ ጎረቤትም በደብዳቤ አይረዳም። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጅ ቆሞ፣ ዘመድ አጠገብ ሆኖ ነው። ይህን ወግ አፍርሼ ለአንተ እየጻፍኩ ነውና ይቅር በለኝ። ሌላ መንገድ አጣሁ።

ታደለ ያረፈው ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ ነው። ጥይት አይደለም። የሬዲዮ መሣሪያቸውን ጭነው ከአንድ ተራራ ወደ ሌላው ሲሄዱ መኪናው ገደል ገባ። ወረቀቱንና ሻንጣውን ሐምሌ ላይ ያመጣልኝ ሰዳም የሚባል ጓደኛው ነው፣ ጨዋ ልጅ። ሦስት ቀን እኔ ዘንድ አደረ። ታደለ እዚያ ክፍል ውስጥ ሞርስ አስተማሪ ሆኖ ነበር አለኝ፤ ማሽኑ ሲበላሽ የሚተካ የእጅ ላኪ እንዲኖር ተብሎ አራት ልጆች ሰጥተውት አሰልጥኗቸዋል። አንዱ ሰዳም ራሱ ነው። ጠረጴዛዬን በጣቱ እየመታ ዜሮን አሳየኝ። አነከሰ። "አራታችንም እንደዚህ ነን ጋሼ፣ አሥር አለቃ ታደለ እንደዚህ ነው የሚመታው ብሎ አስተማረን። ሌላ ጣቢያ ያሉት ሰዎች በዜሮአችን ይለዩናል" አለኝ።

እንግዲህ አንተ አልተሳሳትክም። ጆሮህ እንደ ድሮው ነው። የሰማኸው ከአራቱ ልጆች የአንዱን እጅ ነው። ከአንተ ወደ ታደለ፣ ከታደለ ወደ እነሱ የሄደ እጅ ነው። ጥቅምት ላይ መቀበያዬን ከፍቼ በመጀመሪያው ዜሮ ላይ አወቅሁት፣ መሣሪያው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ "የባሕር ማዶ ጦር ነው" ብዬ ጻፍኩልህ። ያጠቆርኩት መስመር "ታደለ የለም" የሚል ነበር። ጽፌው እጄ እንቢ አለ።

ለምን ዘገየህ ትለኛለህ። ሐምሌ ክረምት ነው፣ ውሃው ይጉደል አልኩ። ውሃው ሲጎድል ሩዙ ይታጨድ፣ ብቻዋን ምን ታደርጋለች አልኩ። ሲታጨድ እግሬን አመመኝ። እውነቱን ልንገርህ? ፈርቼ ነው። እናቱ አጠገቧ ሆኖ እንዲያርስ ነበር የፈለገችው። "ሙያ በእጁ ይዞ ምን ሞፈር ያስጨብጠዋል?" ብዬ በእጄ ይዤ ወስጄ ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ይታይሽን ምን ብዬ አያታለሁ?

አድማሴ


ወረታ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አድማሴ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። በመጀመሪያ ይህን ማለት ይገባኛል፣ አጎቱ ነህ፣ ሐዘኑ ያንተ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግን ተቀይሜሃለሁ፤ ሳልናገር ብቀር ያንቀኛል። ስድስት ወር ሬሳ አስቀምጠህ ከእኔ ጋር ስለ ሞገድ ተከራከርክ። እኔም በዚያ መሀል እናቱን እልል አስባልኳት። አላህ ለሁለታችንም ይቅር ይበለን።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሱቅ ውስጥ ነው። ዘግቼ ቤት ገባሁ። አሪፋ ምን ሆንክ ብትለኝ አንጓዬን አመመኝ አልኳት። ውሸትም አልነበረም። ልጁን "አንተ ቀጥ አድርገህ ምታ" ስለው አጥብቄ ብይዘው፣ እጁን በጥፊ ብመታው ኖሮ፣ ዛሬ ያ ጣቢያ ማንም ያልሆነ ጣቢያ ነበር። እሰማዋለሁ፣ አልፈዋለሁ። የገዛ ስብራቴ ነው ያታለለኝ።

በማግስቱ ይታይሽ መጣች። "ዛሬስ ላከ?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። አየህ? አንተን እየወቀስኩ አንድ ቀን አልሞላኝም፣ እኔም አንተን ሆንኩ። በየሁለት ቀኑ ትመጣለች። ማዳመጫውን አድርጋ ትሰማለች፣ ቁጥሩን አታውቅም፣ ዜሮዋን ግን ለይታለች። ዜሮ ስትመጣ ጉልበቷን መታ ታደርጋለች።

ከዚህ በላይ አልችልም። ሁዳዴ ሳይገባ መርዶው መነገር አለበት። ለአባ ተክለ ሃይማኖት በምስጢር ነግሬያቸዋለሁ፣ በጣም አዘኑ። "አጎቱ ሳይኖር አይሆንም፣ ይምጣ" ብለዋል። ያየህ ነገ ይነሣል፣ ይህን ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ይልክልህና እዚያው ይጠብቅሃል። እባክህ ና። በእግርህ መቆም ባትችል እኔ እይዝሃለሁ።

አብዱልሃኪም


ድሬዳዋ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብዱልሃኪም፣

ይህን የምጽፍልህ ከሐኪም ቤት አልጋ ላይ ነው። ሁለት የእግር ጣቶቼን ቆርጠዋቸዋል፣ ቁስሉ እስኪደርቅ አትነቃነቅ ተብያለሁ። ምክንያት እየፈለገ ነው እንዳትለኝ ያየህ በዓይኑ አይቶኛል፤ እስከዚህ ድረስ መጣ፣ እግዜር ይስጠው። የታደለን ሻንጣም በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

በእኔ ቦታ አንተ ቁም። ለአባም ጽፌላቸዋለሁ። ሃይማኖቱ የተለየ ሰው በአጎት ቦታ ይቆማል ወይ የሚል ቢኖር፣ ልጁን ከእኔ ይልቅ አንተ አሳድገኸዋል በላቸው። እህቴንም አንድ ነገር በልልኝ። "አድማሴ ሰባት ወር ደበቀኝ" ብላ ብትረግመኝ ትክክል ናት። ምን እንዳለች ሳታስቀር ጻፍልኝ፤ ደግ ነገር ጨምረህ እንዳታሳምርልኝ።

አድማሴ


ወረታ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአድማሴ፣

እግርህ እንዴት ሆነልህ? ሌሎቹ ጣቶች ደኅና መሆናቸውን ያየህ ነግሮኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ሳታስቀር ጻፍልኝ ብለሃልና ሳላስቀር እጽፋለሁ።

የካቲት 15 ማለዳ አሥራ አንድ ሰው ሆነን ሄድን። አባ ተክለ ሃይማኖት፣ ማናዬ፣ የቀበሌው ሽማግሌዎች፣ ከወረታም እኔና አሪፋ። ርብን ተሻገርን። ይታይሽ በሩን ከፍታ ስታየን ገባት። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው ደጅ ላይ ለሌላ ነገር አይቆምም። ከአሥራ አንዱ ግን የተመለከተችው እኔን ብቻ ነው።

"አያ አብዱልሃኪም፣ አንተ ዝም በል" አለችኝ። "ሌላ ሰው ይንገረኝ። ካንተ ከሰማሁት አምናለሁ።"

በአንተ ቦታ ቆሜ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። አባ ናቸው የነገሯት። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፣ ሉሊት ራሷን ስታ ወደቀች፣ ማናዬ ጎልማሳው ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ይታይሽ አላለቀሰችም። ድንኳን ተተከለ፣ ለቀስተኛ ከየቀበሌው መጣ፣ እሷ ለመጣው ሁሉ "ተሳስተው ነው፣ ትናንት እኮ ልኳል" ትላለች። ሻንጣውን ከፍተው ሸሚዙን ቢያሳዩዋት "ሸሚዝ ረስቶ መሄድ ልማዱ ነው" አለች። ሰው አእምሮዋን ነካት ማለት ጀመረ። ሦስት ቀን እንደዚያ ሆነች። ስላንተ ቢነግሯትም አልረገመችህም፤ ያልሞተ ልጅ ደበቀኝ ብላ ለምን ትረግምሃለች?

በአራተኛው ቀን ከአስር ሰላት ስመለስ ሱቄ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ለቀስተኛ ጥላ፣ ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ጉልበቷ ብቻዋን በእግሯ መጥታለች። ከፈትኩላት። መቀበያውን አብራ አለችኝ፣ አበራሁት። ጣቢያው መጣ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። ሲያበቃ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"በል አሁን አንተ ንገረኝ" አለች።

ነገርኳት። ያንን የሚልከው ታደለ ያስተማረው ልጅ እንደሆነ ነገርኳት። ስለ አንጓዬ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ሰዳም፣ ስለ አንተ፣ "ላከ?" ስትለኝ እያወቅሁ አዎ ስላልኩበት ቀን ነገርኳት።

"ታደለስ?" አለች።

"የለም" አልኳት።

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። አድማሴ፣ እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም፤ አልገልጽልህም። አሪፋ ከጓዳ ሮጣ መጥታ አቀፈቻት፣ እኔ የሱቁን በር ዘግቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ አለቀሰች። ስላንተ ያለችው ይህ ነው፦ "አድማሴ ልጄን ሁለቴ ወሰደብኝ፤ ቆይ እስቲ፣ አሁን ይቅር ለማለት አቅም የለኝም።" ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ። ለእኔም ቢሆን ይቅር አልኩህ አላለችኝም። የሐሙሲቱ አስተማሪ ሌላ አጭቷል። ሉሊት ጥቁር ለብሳለች፣ በሱቄ በር አታልፍም፣ በወዲያኛው መንገድ ነው የምትዞረው።

ይታይሽን ያን ማታ አሪፋ እኛ ዘንድ አሳደረቻት። ጠዋት ወደ ለቅሶው ልንመልሳት ስንነሣ "ከአርባው በኋላ እመጣለሁ፣ መቀበያውን እንዳትሸጠው" አለችኝ።

"ይታይሽ፣ ተይው" አልኳት። "እሱ እንዳልሆነ ነግሬሻለሁ እኮ።"

"አውቃለሁ" አለች። "ያ የሚመታው ልጅ እናት ይኖረዋል። እሷ የሚሰማላት ሰው የላትም፣ እኔ ልስማላት።"

አብዱልሃኪም